ባለታሪኩ ራሱ ሲናገር
ስለ ድምፅ ዶኩሜንተሪ አጀማመርና አሠራር

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ድሬዳዋ በሄድሁ ጊዜ የእናቴን አጎት የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። አባባ፣ በቤታችን ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው፣ በአሮጌው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ሥራቸውም ባቡሩ ጣቢያ ገብቶ በቆመ ጊዜ እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዘው እየዞሩ የያንዳንዱን ፉርጎ የብረት ጎማ መምታትና ድምፁን ማዳመጥ ነበር። ጤነኛ ጎማ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ እንደሆነ ግን ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። አባባ ሁለቱንም ድምፅ በአፋቸው እያስመሰሉ አሰሙኝ፤ እኔም ንግግራቸውን ሁሉ በእጅ ስልኬ ቀረጽሁ።

ወደ ኮሌጅ ስመለስ የቀረጽሁትን እያዳመጥሁ ለንባብ የሚሆን ጽሑፍ አድርጌ ገለበጥሁት። ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያም የቤት ቋንቋ የገባበት ድርሰት በቀይ ቀለም ተሰርዞ ይመለስልን ስለ ነበረ፣ እጄ ሳላውቀው ማረም ለምዷል። አባባ «ጎማ» ያሉትን እኔ «መንኰራኵር» አልሁ፤ «ጆሮዬ እንጀራዬ ነበር» ያሉትን ትቼ «የመስማት ችሎታቸውን በመጠቀም ኑሮአቸውን ይመሩ ነበር» ብዬ ጻፍሁ፤ በአፋቸው ያሰሙኝን ሁለቱን ድምፆች ግን በፊደል የማስፈርበት ዘዴ ስላጣሁ ጨርሼ ዘለልኋቸው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላም ስልኬ ሞልቶ ስለ ነበረ «በወረቀት ሰፍሯልና ምን ያደርግልኛል?» በማለት የተቀረጸውን ድምፅ አጠፋሁት።

ለገና ወርጄ ጽሑፉን አነበብሁላቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ጥሩ ሰው ነው፤ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ ይህ ጥያቄ ነው። የሰውን እውነተኛ ታሪክ በራሱ በሰውየው ድምፅ የማሰማት ሥራ በልዩ ልዩ አገር ብዙ ሰዎች የደከሙበትና የተከራከሩበት መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከነዚህም መካከል እኔ የፈጸምሁትን ስሕተት ሊፈጽሙ ጥቂት ሲቀራቸው የተመለሱ ስላሉ፣ ከሁሉ አስፋፍቼ የምገልጸው የነሱን ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ የድምፅ ዶኩሜንተሪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ወሬ ነጋሪ ዛሬ የሆነውን በአጭሩ ያስታውቃል፤ የራዲዮ ድራማ ደግሞ ደራሲ የጻፈውን ቃል ተዋንያን እንዲናገሩት ያደርጋል። የድምፅ ዶኩሜንተሪ ከሁለቱም ይለያል። ነገሩ የደረሰበት ሰው ራሱ ይናገራል፤ የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ስፍራ ድምፅም፣ ማለት የመኪናው፣ የባሕሩ፣ የልጆቹ፣ የወጥ ቤቱ ድምፅ፣ አብሮ ይሰማል። አዘጋጁ ከብዙ ሰዓት ቅጂ መርጦ፣ ቈርጦና አስተካክሎ አንድ መልክ ይሰጠዋል። አንዳንዱ አዘጋጅ በመካከል እየገባ ይተርካል፤ አንዳንዱ ግን ራሱን ጨርሶ ይደብቃል። ታዲያ ራሱን ቢደብቅም የመረጠውና የቈረጠው እሱ ስለሆነ አለመኖሩ የይስሙላ ነው። በዚህ ነገር ላይ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ለብዙ ዘመን ሊሠራ አልቻለም ነበር፤ ምክንያቱም መሣሪያው ወደ ሰው ቤት የሚገባ አልነበረም። በ1930ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ ራዲዮ ኮርፖሬሽን፣ ማለት ቢ.ቢ.ሲ.፣ ከስቱዲዮ ውጭ ድምፅ ለመቅረጽ የሚልከው መኪና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ነበር። ድምፁ የሚቀረጸው በሸክላ ላይ ስለሆነ አንዱ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም፤ ተናጋሪው ወሬው ሲሞቅለት ሸክላው ያልቃል። በዚህ ላይ በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ ሠራተኛውን ሰው ማናገር ሳይሆን፣ የተናገረውን በጽሑፍ አሳምሮ ወይም ለራሱ መልሶ ማስነበብ ወይም በተዋናይ ማስነገር ነበር። ተራ ሰው በማይክሮፎን ፊት ሳይጻፍለት ይናገር ማለት እንደ ድፍረት ይቈጠር ነበር።

ይሁን እንጂ በማንቸስተር ትሠራ የነበረችው ኦሊቭ ሻፕሊ ያንን ከባድ መኪና እየወሰደች በየገበያውና በየሠራተኛው ሰፈር ታቆመው ጀመር። በ1939 ካቀረበቻቸው ዝግጅቶች አንዱ ስለ ድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሚስቶች የሚናገር ሲሆን፣ የእንግሊዝ አገር የቆፋሪ ሚስት ወደ ፈረንሳይ የማዕድን መንደር ሄዳ የዚያን አገር ኑሮ ከራሷ ኑሮ ጋር እንድታነጻጽር የተደረገበት ነው። የአንዱን አገር ሰው ኑሮ ለሌላው በተራ ሰው አንደበት ለማሰማት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ከቀደሙት ስለሆነ ሊታወስ ይገባዋል እላለሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አሜሪካዊው ኖርማን ኮርዊን በ1946 አራት ወር ሙሉ ዓለምን እየዞረ በየአገሩ ያገኘውን ሰው አነጋገረ። የያዘው መሣሪያ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ ነበር። በ1947 ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው የራዲዮ ድርጅት 13 ተከታታይ ዝግጅቶች ወጡት። ዳሩ ግን ሽቦው ለመቈራረጥና ለመቀጠል እጅግ የማይመች ነበር፤ ሲበጠስ እንደ ክር መቋጠር ነበረበት።

ለሥራው በር የከፈተው የማግኔት ቴፕ ነው። ቴፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1935 በበርሊን የራዲዮ ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ አሻሽለውት ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሌላው ዓለም ተሰራጨ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በትከሻው አንግቶት የሚሄድ፣ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ሪኮርደር በቢ.ቢ.ሲ. እጅ ገባ። ከሰባት ቶን መኪና ወደ ትከሻ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። መኪናው በር ላይ ይቀር ነበር፤ ይህኛው ግን ወጥ ቤት ይገባል፣ ከአልጋ አጠገብ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። የካቲት መጀመሪያ በ1957፣ ማለት በፌብሩዋሪ 9 ቀን፣ ጆን አክሰን የተባለ የ56 ዓመት የእንግሊዝ ባቡር ነጂ ከበክስተን ከተማ የዕቃ ባቡር ይዞ ተነሣ። ወደ ዳገቱ ራስ በመቃረብ ላይ ሳሉ ለሎኮሞቲቩ ፍሬን እንፋሎት የሚያደርሰው ቧንቧ ተሰበረና የሚያቃጥለው እንፋሎት በነጂው ክፍል ውስጥ ይተፋ ጀመር። ፍሬኑ ጠፋ፤ ከዳገቱ ወዲያ ደግሞ የሚጠብቃቸው ረጅም ቁልቁለት ነው። አክሰን እሳት አንዳጁን ዘለህ ውረድ፣ የፉርጎዎቹንም የእጅ ፍሬን ለመያዝ ሞክር ብሎ አዘዘው። እሱ ግን ከሎኮሞቲቩ አልወረደም። እንፋሎቱ እያቃጠለው ከውጭ በኩል ተንጠልጥሎ በመንገድ ላይ ላለው የምልክት ጠባቂ ባቡሩ እንዳመለጠ በእጁ አመለከተ። ባቡሩ ቁልቁል ፈጥኖ ሄዶ ቻፕል ኤን ለ ፍሪዝ በሚባለው ጣቢያ አጠገብ ከፊቱ ይሄድ ከነበረ ሌላ የዕቃ ባቡር ጋር ተጋጨ። አክሰንና የፊተኛው ባቡር ጠባቂ ሞቱ። መንግሥት ለአክሰን ጆርጅ ክሮስ የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ከሞተ በኋላ ሰጠው።

የቢ.ቢ.ሲ. የበርሚንግሃም አዘጋጅ የነበረው ቻርልስ ፓርከር ይህን ታሪክ በራዲዮ ለማቅረብ ፈለገና ኢዋን ማኮል የተባለውን ዘፋኝና የተውኔት ደራሲ እንዲጽፍለት ጠየቀው። የመጀመሪያው ሐሳባቸው በጊዜው የተለመደው ነበር፤ ይኸውም የአክሰንን የሥራ ባልደረቦችና ባለቤቱን አነጋግረው፣ ከዚያ በሚገኘው ማስረጃ ላይ ማኮል ተውኔትና ዘፈን ጽፎ ተዋንያን እንዲጫወቱት ነው። ቴፕ ሪኮርደር የያዙት ለማስታወሻ ብቻ ነበር፤ ልክ እኔ ስልኬን እንደያዝሁት።

ሁለቱም ወደ ባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር ሄደው 40 ሰዓት ያህል ቀረጹ። ማኮል ለመጻፍ በተቀመጠ ጊዜ ግን ቴፑን ደጋግሞ ቢያዳምጥ እጁ ታሰረ። እነዚያ ነጂዎችና እሳት አንዳጆች ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ምሳሌያቸው፣ ስድባቸው፣ ሳቃቸው፣ ከቃል በፊት የሚያቆዩት ዝምታ ሁሉ አንድ ላይ የተሠራ ነገር ነው፤ እሱ ጽፎ ተዋናይ ቢያስነግረው ከዚያ ያነሰ እንጂ የበለጠ እንደማይሆን ተረዳ። ስለዚህ ተዋንያኑን ትቶ የሰዎቹ ድምፅ ራሱ ታሪኩን እንዲናገር፣ በየመካከሉም የሚዘፈነው ዘፈን ቃሉንና አካሄዱን ከነሱው ንግግር እንዲወስድ ለፓርከር ሐሳብ አቀረበ። ፓርከርም ተስማማ። የሙዚቃውን ሥራ የያዘችው ፔጊ ሲገር የተባለች አሜሪካዊት ሙዚቀኛ ናት። ዝግጅቱ በጁላይ 2 ቀን 1958 በራዲዮ ተሰማ። የባቡር ሠራተኞች ንግግር፣ የአክሰን ባለቤት ድምፅ፣ የሎኮሞቲቩ ጩኸትና የባንጆው ዜማ አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ የሚተርክ አዋቂ በመካከል አይገባም። ስሙንም የጆን አክሰን ባላድ አሉት። ባላድ ማለት ታሪክ የሚተርክ የሕዝብ ዘፈን ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ምክንያቱም የሥራው ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። ማኮል የተረዳው ነገር የሰዎቹ ንግግር ልብ የሚነካ መሆኑን ብቻ አይደለም። ሰው ስለሚያውቀው ሥራ ሲናገር ዕውቀቱ በቃሉ ውስጥ ነው ያለው። የባቡር ነጂ ስለ ሎኮሞቲቭ እንደ ሴት ወይም እንደ ፈረስ አድርጎ ቢናገር፣ ያ ጌጥ ሳይሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብሮት የኖረውን ነገር ጠባይ የሚገልጽበት ትክክለኛ አነጋገር ነው። ቃሉን ባረምን ጊዜ ዕውቀቱን እንጥላለን። አባባ «ጆሮዬ እንጀራዬ ነበር» ሲሉ ጆሮና እንጀራ በአንድ ትንፋሽ የተባሉት በከንቱ አልነበረም፤ ተሳስተው የተሰነጠቀ ጎማ ቢያሳልፉ ከሥራ የሚባረሩት እሳቸው ነበሩና። እኔ የጻፍሁት ዓረፍተ ነገር ግን ይህን ፍርሃት አይናገርም።

የቴፕ መቈረጥም እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በስቱዲዮ የሚሠራበት ቴፕ በአንድ ሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ሰው ከመናገሩ በፊት ግማሽ ሴኮንድ ቢተነፍስ ያ ትንፋሽ 19 ሴንቲ ሜትር የሚያህል የቴፕ ቁራጭ ሆኖ በእጅ ይያዛል ማለት ነው። አዘጋጁ ቴፑን በማሽኑ ራስ ላይ በእጁ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ቃሉ የሚጀምርበትን ቦታ ይፈልጋል፤ በእርሳስ ምልክት ያደርግበታል፤ በምላጭ አግድሞሽ ይቈርጠዋል፤ ከሌላው ጋር በቀጭን ማጣበቂያ ያያይዘዋል። የተጣለው ወለሉ ላይ ይቀራል። ፓርከር በዚህ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ይቈይ እንደ ነበር የሚያውቁት ይናገራሉ። ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር በጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ የሚቈረጠውም አይጠፋም፣ ይመለሳል። ታዲያ ሥራው ቢቀልም ኃላፊነቱ አልቀለለም። ትንፋሹ ቢወጣ ሰውዬው የቸኰለ ይመስላል፤ ዝምታው ቢረዝም ደግሞ ያመነታ ይመስላል። አንድም ቃል ሳይጨመር ሰውን ውሸታም ማስመሰል ይቻላል።

ፓርከር፣ ማኮልና ሲገር እስከ 1964 በጠቅላላው ስምንት እንዲህ ያሉ ዝግጅቶች አቅርበዋል። ሁለተኛው ኤም አንድ ስለሚባለው የእንግሊዝ አውራ ጎዳና መሠራት ነው። በዚህኛው እንደ ፊተኛው አልተሳካላቸውም፤ የአሠሪዎቹ መሐንዲሶች ንግግር በብዛት ስለገባበት ነው ይባላል። ይህን ሳነብ ጥቂት አሳቀኝ። እኛ ተማሪዎች ነገር እንናገራለን ስንል የምንናገረው እንደ መሐንዲሶቹ ነው፤ አካፋ የያዘው ሰው ጭቃውን ሲያሳይ እኛ ስለ «አፈር አወራረድ ሁኔታ» እናስረዳለን።

ከሁሉ የተሻለው ሦስተኛው፣ የ1960ው፣ የዓሣ አጥማጆቹ ዝግጅት ነው፤ እኔም ፍርዴን እዚሁ ላይ አደርጋለሁ። ሄሪንግ የተባለው ዓሣ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ጠረፍ ብዙ ሕዝብ ያኖረ ነበር፤ በኋላ ግን ሥራው እየከሳ ሄደ። አዘጋጆቹ ሳም ላርነር የተባሉትን ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸውን የኖርፎክ ዓሣ አጥማጅ አገኙ። እኚህ ሽማግሌ በልጅነታቸው በሸራ መርከብ ሥራ ጀምረው፣ የእንፋሎቱን መርከብ ዘመንም ያዩ ነበሩ። ንግግራቸው፣ የመርከቡ ሞተርና ማዕበሉ፣ ከነሱም ቃል የወጡት ዘፈኖች አንድ ሕይወት ሙሉ ያሳያሉ። ይህ ዝግጅት በዚያው ዓመት ፕሪ ኢታሊያ የተባለውን የዓለም አቀፍ የራዲዮ ሽልማት አገኘ። ከዚያም ስለ ከሰል ቆፋሪዎች፣ በፖሊዮ በሽታ አካላቸው ስለ ተጐዳ ሰዎች፣ ስለ ወጣቶችና ስለ ቦክሰኞች አቀረቡ።

የመጨረሻው በየመንገዱ ድንኳንና ጋሪ ይዘው ስለሚዞሩ ሕዝቦች ሲሆን፣ ከሁሉም የበለጠ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ዘላኖቹ ሲናገሩ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚባረሩ ይሰማል፤ ባለርስቶቹና ጎረቤቶቹም ይናገራሉ። በማለቂያው ላይ አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ከነዚህ ሰዎች መካከል የማይሻሻሉትን ማጥፋት ነው የሚል መልስ ሲሰጥ ይሰማል። እዚያ ላይ ዝግጅቱ ያበቃል፤ ማንም አይመልስለትም። እኔ በመጀመሪያ ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው ብዬ ተደሰትሁ። ቈይቼ ሳስበው ግን የማኮልን ዘዴ የሚፈትነው ይኸው ሆኖ አገኘሁት። አክሰንን ያስከበረው ምላጭ ይህን ሰው አዋርዷል። ሰውዬው ቃሉን መናገሩ እውነት ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የተናገረውን ግን ያስቀረው አዘጋጁ ነው። እኔ ቃሉ እንዲሰማ መደረጉን እደግፋለሁ፤ በሹመት ላይ ያለ ሰው ለተናገረው ይጠየቅበታልና። ነገር ግን ሹመት የሌለውን፣ ቤቱ ገብተን ቡናውን ጠጥተን ያናገርነውን ሰው በዚህ ዓይነት መቁረጥ አይገባም። ልዩነቱ በቴፑ ላይ አይታይም፤ በሰውዬው አቅም ነው የሚታየው።

ቢ.ቢ.ሲ. ወጪው በዛ በማለት ዝግጅቶቹን ከ1964 በኋላ አላስቀጠለም። ፓርከርም በ1972 ከሥራው ተሰናበተ። የቀረጻቸው ቴፖች ግን በበርሚንግሃም ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። እኔ ከሁሉ የቀናሁት በዚህ ነው። በዝግጅቱ ውስጥ የገባው አንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን ያልገባው የብዙ ሰዓት ንግግር ሳይጣል ተቀምጧል፤ ማንም ተመራማሪ ሄዶ የተቈረጠውን ካልተቈረጠው ጋር ሊያስተያይ ይችላል።

በሌላ አገር ስለሚኖር ሰው በሚዘጋጅ ዶኩሜንተሪ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ እሱም ቋንቋ ነው። በፊልም ትርጉሙ ከሥር ይጻፋል፤ በድምፅ ግን ከሥር የሚጻፍበት ቦታ የለም። የተለመደው ዘዴ ባለታሪኩ በቋንቋው ጥቂት ሴኮንድ ከተናገረ በኋላ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ተርጓሚ በላዩ ላይ እንዲናገር ነው። የአገራችንን ሰዎች የሚመለከቱ የውጭ አገር ዝግጅቶችን ያዳመጠ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ያውቀዋል። አንዲት እናት «ልጄን…» ብለው ሲጀምሩ እንሰማቸዋለን፤ ወዲያው አንዲት የለንደን ወጣት በእንግሊዝኛ ትሸፍናቸዋለች፤ እኛ ጆሮአችንን አቅንተን ከሥር የቀረውን ለመያዝ እንታገላለን። አንዳንድ ጊዜም የእናትየዋ አነጋገር ምሬት ሲሆን የተርጓሚዋ ርኅራኄ ይሆናል። ለዚህ ፍጹም መድኃኒት የለውም። ቢሆንም ጥሩ አዘጋጆች ሳቁን፣ ልቅሶውን፣ ስም አጠራሩንና ዝምታውን ሳይሸፍኑ ይተዉታል። ተርጓሚውንም በዕድሜና በአነጋገር ከባለታሪኩ ጋር የሚቀራረብ አድርገው ይመርጣሉ። ሰሚው ቃሉን ባያውቅ እንኳ ዜማውን ይሰማል።

መሣሪያው እያነሰ በሄደ ቍጥር አንዳንዶች ከዚህ የራቀ እርምጃ ወሰዱ፤ ይኸውም ማይክሮፎኑን ለባለታሪኩ መስጠት ነው። በ1993 ዴቪድ አይሴይ የተባለ አሜሪካዊ አዘጋጅ በቺካጎ ደቡብ ሰፈር ለሚኖሩ ሁለት ልጆች፣ ለሊአላን ጆንስና ለሎይድ ኒውማን፣ ቴፕ ሪኮርደር ሰጣቸው። ዕድሜያቸው 13 እና 14 ነበር። ልጆቹ ቤተሰባቸውን፣ መምህራቸውንና ጎረቤታቸውን ራሳቸው ጠየቁ። አንድ ጎልማሳ ጋዜጠኛ ቢጠይቅ የማይመለስ ጥያቄ ለልጁ ይመለስለታል፤ እናቱ ናትና።

ከነዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን የደቡብ አፍሪካዊቷ የቴምቢ ንጉባኔ ታሪክ ነው። ቴምቢ በኬፕ ታውን አጠገብ ካዬሊቻ በተባለው ሰፈር የምትኖር፣ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደሟ ውስጥ ያለባት ወጣት ነበረች። ጆ ሪችማን የተባለው አዘጋጅ ሪኮርደር ሰጣትና አንድ ዓመት ያህል ኑሮዋን ቀረጸች። በመስተዋት ፊት ቆማ በሰውነቷ ውስጥ ያለውን ቫይረስ እንደ ሰው ታነጋግረዋለች። በሽታዋን ለአባቷ ስትነግርም መሣሪያው ክፍት ነው። በዚያን ጊዜ በአገሯ ብዙ ሰዎች በሽታውን በስሙ ለመጥራት እንኳ ያፍሩ ነበር፤ እሷ ግን በስሟና በድምፅዋ ተናገረች። ዝግጅቱ በ2006 በአሜሪካ ብሔራዊ ራዲዮ ከተሰማ በኋላ እየዞረች ለብዙ ሰዎች ንግግር አድርጋለች። በ2009 በሳምባ ነቀርሳ ሞተች።

እንዲህም ቢሆን የዓመቱን ቅጂ አዳምጦ የመረጠው ሪችማን እንደሆነ መርሳት አይገባም። ማይክሮፎኑን መስጠት ምላጩን መስጠት አይደለም። ግን ትልቅ ልዩነት አለ፤ ምን ጊዜ እንደሚከፈትና ምን ጊዜ እንደሚዘጋ የወሰነችው እሷ ናት። ከአባቷ ጋር የተነጋገረችበትን ቅጂ ላለመስጠት ብትፈልግ ኖሮ መሣሪያውን ሳትከፍት መግባት ትችል ነበር።

ስለ ፈቃድ ይህን እጨምራለሁ። በሥራው የቈዩ ሰዎች እንደሚመክሩት ፈቃድ የሚጠየቀው አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ ተናጋሪው በዚያን ሰዓት ምን እንደሚናገር ራሱም አያውቅምና። ንግግሩ ሲያልቅ ሁለተኛ ይጠየቃል፤ የሚቀር ነገር ካለ እዚያው ይቀራል። ሌላው ነገር ከመነሣት በፊት ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ አንድ ደቂቃ ያህል መቅረጽ ነው። ባዶ ክፍል ባዶ አይደለም፤ ሰዓቱ፣ ዝንቡ፣ የጎረቤት ራዲዮ አለበት። ይህ ቅጂ በኋላ የተቈረጠው ቦታ እንዳይታወቅ ለመሸፈን ያገለግላል። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይነኩ በሁለት ቦታ ማስቀመጥንም ይመክራሉ፤ ይህን ምክር ያገኘሁት ዘግይቼ ነው።

ለፋሲካ እንደገና ወደ ድሬዳዋ ወረድሁ። በዚህ ጊዜ ከአንድ ጓደኛዬ ጥሩ ሪኮርደር ተውሼ፣ ባትሪ ጨምሬ፣ ጥያቄዎቼንም አዘጋጅቼ ነበር። አባባ ከዚራ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ሥራቸው እንደገና እንዲነግሩኝ ብለምናቸው «ያን ጊዜ ነግሬህ የለም ወይ ልጄ?» አሉኝ። ድምፁን ማጥፋቴን አልሸሸግሁም፤ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አልተቈጡም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጕሮሮአቸውን ጠርገው፣ ወደ ሪኮርደሩ ጠጋ አሉና ቀስ እያሉ ጀመሩ። ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው።

«መንኰራኵሩን» አሉ፣ «ጤንነቱን በድምፅ እመረምር ነበር።»